ትውስት ከሆነ መመለሻው ይጻፍ

ለተከበራችሁ የድርጅታችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ለተከበሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣

ጉዳዩ፦ በመዋቅር ለውጡ ምክንያት ለሠራተኞች የቀረበውን የትውስት ምደባ ይመለከታል

አዲሱ መዋቅር ከጸደቀ ወዲህ በየሥራ ክፍሉ አንድ ገጽ ወረቀት እየታደለ ነው። ርዕሱ «የትውስት ምደባ ስምምነት» ይላል፤ ትውስት ሠራተኛን ለጊዜው ለሌላ ድርጅት ማዋስ ነው። ከሥሩ የሠራተኛው ስም፣ የሥራ መደቡና የተቀባዩ ድርጅት ስም የሚሞላባቸው ሦስት ክፍት መስመሮች አሉ። ቀጥሎ «የትውስቱ ዘመን እንደ ሥራው አስፈላጊነት ይወሰናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ከዚያ «በራሴ ፈቃድ የተስማማሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይልና ያበቃል። ደመወዝ ማን እንደሚከፍል፣ ሠራተኛው መቼና ወደ የትኛው መደብ እንደሚመለስ አንድም ቃል የለበትም። ወረቀቱ የታደለው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን ሰኞ ጠዋት ተፈርሞ እንዲመለስ ታዟል። ለፈራሚው ቅጂ አይሰጥም።

ጎረቤት ወንፊት ሲዋስ እንኳ መቼ እንደሚመልስ ይናገራል። እዚህ የሚዋሱት ሰው ነው፤ የመመለሻው ቀን ግን ባዶ ነው። እኛ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ ያወጣነው ለሰው ሀብት አስተዳደር በጽሑፍም በቃልም ላቀረብነው ጥያቄ «ይታያል» ከሚል በቀር መልስ ስላጣን ነው።

ትውስትን በደፈናው አንቃወምም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ባለሙያውን ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ሌላ ድርጅት ዘንድ አሠርቶ መመለስ ከመቀነስ ይሻላል፤ ሠራተኛውም አዲስ አሠራር ይማርበታል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ዝም ባለበት ቦታ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትውስትን በስሙ ጠርቶ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አልሰጠውም። ስለዚህ የሚገዛው ጠቅላላው የሥራ ውል ሕግ ነው፤ ዝርዝሩን የሚሞሉት ደግሞ የኅብረት ስምምነቱና የሚፈረመው ወረቀት ናቸው። በትውስት ጊዜ የሥራ ውሉ ከላኪው ድርጅት ጋር እንደጸና ይቆያል። ለተቀባዩ የሚተላለፈው የዕለት ሥራ የማዘዝና የመቆጣጠር ሥልጣን ብቻ ነው። ውሉ ራሱ ከተሻገረ ግን ነገሩ ስንብትና አዲስ ቅጥር ሆኗል፤ ስንብት ደግሞ በሕግ የተተመነ ዋጋ አለው። ቅሬታችን በአጭሩ ድርጅቱ ያንን ዋጋ ሳይከፍል ሰው እያሰናበተ ነው የሚል ነው። ዝርዝሩ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በየስብሰባው «ትውስቱን ያልተቀበለ በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል» እየተባለ ነው። ይህ ከሕጉ ጋር አይገጥምም። በአንቀጽ 15 መሠረት የሥራ ውል ሁኔታ የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም ተዋዋዮቹ በጽሑፍ በሚያደርጉት ስምምነት ነው። የሚታዘዙለትን ድርጅት መለወጥ ደግሞ ቀላል ለውጥ አይደለም። ሠራተኛ በፈቃዱ ለቀቀ የሚባለው ራሱ ለመልቀቅ ወስኖ ሲያሳውቅ ነው፤ የቀረበለትን ሐሳብ አልቀበልም ማለት መልቀቂያ ማስገባት አይደለም። አንቀጽ 28 በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚፈቅዳቸው ምክንያቶች አንዱ ድርጅቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሠራተኛው አብሮ ለመሄድ አለመፍቀዱ ነው፤ አንዳንድ ኃላፊዎች የሚጠቅሱትም ይህንኑ ነው። እኛ ዘንድ ግን ድርጅቱ የትም አልሄደም። ሂድ የተባለው ሰውዬው ብቻ ነው።

«አልሄድም» ያለ ሠራተኛ ፈጽሞ አይነካም ማለታችን አይደለም። መደቡ በበቂ ምክንያት ከተሰረዘና ሠራተኛው ወደ ሌላ መደብ ሊዛወር ካልቻለ ሕጉ በማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅዳል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው፤ በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት ደግሞ 2 ወር። ከዚያ የስንብት ክፍያው ይከተላል። «በፈቃዱ ለቀቀ» የሚለው ቃል ግን ከአሠሪው የሚጠበቀውን ማስጠንቀቂያ ያስቀራል፣ ለቅነሳ የሚከፈለውን ተጨማሪ ገንዘብ ያስቀራል፣ ከአምስት ዓመት በታች ላገለገለ ሰው ደግሞ የስንብት ክፍያውን ራሱን ሊያሳጣው ይችላል። ቃሉ በየስብሰባው የሚደጋገመው እንዲሁ በልማድ ነው ብለን ለማመን ተቸግረናል።

ሁለተኛው የቁጥር ጨዋታ ነው፤ ለቦርዱ በተለይ ሊታይ የሚገባውም ይህ ይመስለናል። አንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሠራተኞችን የሚነካና ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ የሚካሄድ ስንብትን ነው። የሠራተኛው ብዛት የሚለካው ከቅነሳው በፊት በነበሩት 12 ወራት አማካይ ነው። ቅነሳ ከሆነ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መመካከር ግዴታ ነው፤ ማን ቀርቶ ማን እንደሚሄድ የሚወስን ቅደም ተከተልም አለ።

በምሳሌ እንየው። 300 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ወለሉ 30 ነው። በአዲሱ መዋቅር 45 መደቦች ይዘጋሉ እንበል። በአንድ ጊዜ ቢሰናበቱ ጉዳዩ ያለ ጥርጥር ቅነሳ ነው። ነገር ግን 25ቱ መመለሻ የሌለው የትውስት ወረቀት ከፈረሙ የሚቀሩት 20 ናቸው። 20 ከ30 ያንሳል፤ ምክክር የለም፣ ቅደም ተከተል የለም፣ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ከስድስት ወር በኋላ 25ቱ «መደባችሁ በመዋቅሩ የለም» እየተባሉ ሦስትም አራትም ሆነው ይሸኛሉ። እነሱም ከ30 በታች ናቸው። ድምሩ ግን ያው 45 ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት መናኸሪያው በር ላይ ትርፍ ተሳፋሪ አውርዶ ኬላውን ካለፈ በኋላ መልሶ እንደሚጭነው ዓይነት ነው።

ሦስተኛ፣ ክሊራንስ። በትውስት የሚሄዱ ሠራተኞች ሙሉ ክሊራንስ እንዲያዞሩ ተደርገዋል፤ ንብረት ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ብድርና ቁጠባ፣ ክሊኒክ፣ በመጨረሻም የመታወቂያና የሕክምና ደብተር ርክክብ። በእኛ አገር አሠራር ክሊራንስ የሚያዞረው የሚለቅ ሰው ነው። በግል ማኅደሩ ውስጥ የተሞላ የክሊራንስ ቅጽ ተያይዞ ከተገኘ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሌላ የሰው ሀብት ኃላፊ «ይህ ሰው ለቅቋል» ቢል የሚፈረድበት አይሆንም። ለትውስት የሚያስፈልገው የሥራና በእጅ ያለ ንብረት ርክክብ ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። መታወቂያው ከሠራተኛው ጋር ይቆያል፤ የሕክምና አገልግሎቱም አይቋረጥም።

ክሊራንሱ የሚያስከትለው ጉዳት በብር ይቆጠራል። ወርሃዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ፣ 11 ዓመት አገልግሎ በትውስት ሁለት ዓመት የሠራ ባለሙያ እንውሰድ። ለስሌት እንዲቀል ወሩን በ30 ቀን እናካፍል፤ የቀን ደመወዙ 400 ብር ይሆናል። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ 12,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 4,000 ብር። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ 13 ዓመት ተብሎ ከተቆጠረ 12,000 እና 12 ጊዜ 4,000፣ ማለትም 60,000 ብር ያገኛል። ስንብቱ በአንቀጽ 29 ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 24,000 ብር፣ ተጨምሮ 84,000 ይደርሳል። «ከእኛ ለቅቆ ነበር» ተብሎ የተቀባዩ ሁለት ዓመት ብቻ ከተቆጠረ ደግሞ 16,000 ብር። በአንድ የክሊራንስ ቅጽ የሚመጣ ልዩነት ይህን ያህል ነው። የዓመት ፈቃዱም አብሮ ይወርዳል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ስለሚጨመር 11 ዓመት ያገለገለ ሰው 21 ቀን አለው፤ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ከተቆጠረ ወደ 16 ይመለሳል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ተቀባዩ ድርጅት የሚያስፈርመው አዲስ የሥራ ውል ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የሆነ አንድ አባላችን በትውስት ሄዶ በሦስተኛው ቀን «ለፔይሮል ያስፈልጋል» ተብሎ ውል ፈረመ። ውሉ ላይ የ60 የሥራ ቀን ሙከራ አለበት። ሃምሳ ቀን ሳይሞላው «ለሥራው ብቁ ሆነህ አልተገኘህም» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። በሙከራ ጊዜ ማሰናበት ማስጠንቀቂያም የስንብት ክፍያም አይጠይቅም። ወደ እኛ ድርጅት ሲመለስ «አንተ አሁን የእነሱ ሠራተኛ ነህ» ተባለ። በአንድ መደብ ላይ ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ሰው በዚያው መደብ እንደ ጀማሪ ተሞክሮ ወደቀ ማለት ነው። የትውስት ሠራተኛ ከተቀባዩ ጋር የሥራ ውል አይፈርምም፤ የሚፈርመው የሁለቱን ድርጅቶችና የእሱን ፊርማ የያዘ የሦስትዮሽ ስምምነት ነው። ለፔይሮል ነው ከተባለ የዚያ ስምምነት ቅጂ ይበቃል።

አንድ ክፍል ተነጥሎ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆን ከተወሰነ ደግሞ ትውስት የሚለው ቃል መነሳቱ ራሱ ግራ ያጋባል። የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማይለውጥ አንቀጽ 16 ይናገራል፤ ውሉን እንደማያቋርጥም አንቀጽ 23 ያክላል። የተነጠለው ክፍል ሠራተኞች ውላቸውን ይዘው ይሻገራሉ። እነሱን በትውስት ማስፈረም በሕግ ያላቸውን ነገር አስጥሎ ያነሰ ነገር ማስያዝ ነው።

አራተኛ፣ ደመወዝ፣ አበልና ጡረታ። ወረቀቱ ከፋዩን ስለማይጠቅስ እያንዳንዱ ወገን ሌላው ይከፍላል ብሎ ያስባል። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ደመወዙ 12,000 ብር ለሆነ ሰው በወር 840 እና 1,320፣ በድምሩ 2,160 ብር ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ለአምስት ወር 840 ብር ከደመወዟ ሲቆረጥ ቆይቶ ስታጣራ ገቢ የተደረገ ነገር አልተገኘም። ተቀባዩ ቆርጦ ወደ እኛ እንደላከው ይናገራል፤ የእኛ ፋይናንስ ደግሞ ተቀባዩ በራሱ ገቢ ያደርጋል ብሎ ከዝርዝሩ አውጥቷታል። 10,800 ብር መሃል ላይ ተንጠልጥሏል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሚመሩ ሁለት የተለያዩ ዐቅዶች በመሆናቸው ከመንግሥት የልማት ድርጅት ወደ አክሲዮን ማኅበር የሚሄድ ሰው መዋጮው ወደ የትኛው እንደሚገባ ከመሄዱ በፊት ካልተጻፈለት ስህተቱ የሚገለጥበት ጡረታ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ፔይሮሉን የሠራውም ሰው አይገኝም።

አበሉን ባጭሩ እንለፈው። ከአዲስ አበባ ሞጆ የተመደበች ጸሐፊ የምታገኘው አሁንም የከተማ ውስጥ የትራንስፖርት አበል ነው፤ የተቀባዩ ሰርቪስ የሚነሳው ከአዳማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤቷ ትወጣለች፤ ማታ ከ2 ሰዓት በፊት አትገባም። በወሩ መጨረሻ ከደመወዟ ምን እንደሚተርፍ ማስላት ለአስተዳደሩ ከባድ አይመስለንም።

አምስተኛ፣ የሥራ ላይ ጉዳት። አዋጁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የትውስት ሠራተኛ ሲጎዳ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «አሠሪው ማነው?» ይሆናል። አንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ተቀባዩ ግቢ ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ተቀባዩ «በእኛ ኢንሹራንስ ዝርዝር ውስጥ የለም» አለ፤ እውነት ነው፣ የመድን ዝርዝሩ የሚሠራው በፔይሮል ነውና። እኛ ዘንድም ከፔይሮል ስለወጣ ስሙ ከዝርዝሩ ተሰርዟል። የአደጋ ሪፖርቱን ማን ይሙላ በሚል ሁለት ሳምንት ሄደ፤ የሕክምናውን ወጪ ከኪሱ ከፈለ። ለጊዜያዊ የአካል ጉዳት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ በሕግ ተቀምጧል። ሕጉ እንዲህ ቁልጭ ብሎ ሳለ ገንዘቡ የሚወጣው ከማን ሣጥን እንደሆነ ባለመጻፉ ብቻ ሰው በተሰበረ ክንዱ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል።

ስድስተኛው ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው፤ ውጤቱ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ሠራተኛው በትውስት ላይ እያለ እዚህ ድልድል ይካሄዳል። አዲሱ መዋቅር ወጥቶ፣ መደቦች በውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፈው፣ የማመልከቻው ጊዜ በአምስት ቀን ይዘጋል። ሌላ ግቢ የሚሠራ ሰው ሰሌዳውን አያይም። ሰምቶ ቢያመለክት እንኳ ያለፉት ሁለት ግማሽ ዓመታት የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይጠየቃል። ተቀባዩ በራሱ ቅጽ ሞልቶ የላከው ምዘና «ከእኛ መስፈርት ጋር አይገናኝም» ተብሎ ይመለሳል፤ የእኛ ክፍል ኃላፊም «እኔ ዘንድ አልሠራም» ብሎ አይሞላም። ስለዚህ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ባዶ ውጤት የእርከን ጭማሪና ቦነስ ያስቀራል፣ በድልድሉ ነጥብ ያሳጣል፣ ሰውዬው ሲመለስም ተንሳፋፊ፣ ማለትም መደብ አልባ፣ ይሆናል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በአንቀጽ 29 የቅነሳ ቅደም ተከተል በሥራቸው ላይ እንዲቆዩ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ችሎታና ከፍተኛ የምርት ውጤት ያላቸው ሠራተኞች ናቸው። በዚህ እኩል የሆኑ ሲወዳደሩ ነው የአገልግሎት ዘመንና የጥገኛ ብዛት የሚታየው። እንግዲህ የምዘና ውጤቱ ባዶ የሆነ ሰው ገና በመጀመሪያው ሚዛን ይወድቃል፤ የ11 ዓመት አገልግሎቱ የሚቆጠርበት ደረጃ ላይ አይደርስም። ድርጅቱን ለመርዳት ብሎ ትውስት የተቀበለው ሰው «አልሄድም» ብሎ ከቀረው ባልደረባው ቀድሞ ይቀነሳል። እኛ ለአባሎቻችን ትውስቱን ተቀበሉ ብለን ለመምከር የተቸገርነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰባተኛ፣ ለትውስት የታጩት ሰዎች ዝርዝር። በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ነፍሰ ጡሮች አሉ። አዋጁ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከቋሚ የሥራ ቦታዋ ውጪ መመደብን ይከለክላል፤ ቦታ የሚቀየርላት ሥራው ለራሷ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑ በሐኪም ሲረጋገጥ ነው። ከኮሚቴያችን አባላትም ሦስቱ ተካተዋል። የሠራተኛ ተወካዮች በቅነሳ ጊዜ ወደ መጨረሻ ከሚነኩት ውስጥ ናቸው፤ በትውስት ግን ቅነሳው ከመጀመሩ በፊት ከግቢው ወጡ። የማኅበር መዋጮ ከደመወዝ መቆረጡም በዚያው ወር ቆመ። አጋጣሚ ነው የሚል ማብራሪያ ካለ በጽሑፍ ይድረሰን።

በመጨረሻ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ። ውሉ ከሕግ ውጪ የተቋረጠበት ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ክስ የሚያቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል። ትውስቱን ጨርሰው የተመለሱ ሠራተኞች «መደብ እየተፈለገላችሁ ነው፣ እንደውላለን» እየተባሉ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ደብዳቤ አልተሰጣቸውም። ሦስት ወሩ ካለፈ በኋላ «ውላችሁ የተቋረጠው ትውስቱ ያለቀ ዕለት ነው» የሚል ክርክር እንደሚመጣ ከሌሎች ድርጅቶች ልምድ እናውቃለን። በስልክ የተሰጠ ተስፋ ይርጋ አያቆምም። ስለዚህ ለአባሎቻችን የሰጠነው ምክር ግልጽ ነው፤ ትውስቱ ባለቀ ማግሥት ለሥራ ዝግጁ ነኝ የሚል ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ፤ ሁለት ወር ካለፈ መልስ ሳትጠብቁ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ሂዱ። ይህን ምክር የሰጠነው መካሰስ ወደን አይደለም።

ከዚህ በመነሳት የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

1. እየታደለ ያለው ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰብሰብ። ለፈረሙትም ሆነ ላልፈረሙት ሠራተኞች ወረቀቱ በአዲስ የሦስትዮሽ ስምምነት ይተካ። ስምምነቱ የትውስቱን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ የተጠበቀውን የመመለሻ መደብ ከነደረጃውና ከነእርከኑ፣ መደቡ በመዋቅር ከተሰረዘ የሚሰጠውን ተመጣጣኝ መደብ፣ ደመወዝ፣ አበል፣ ጡረታና የጉዳት መድን ከፋዩን፣ ሠራተኛው ትውስቱን አቋርጦ ለመመለስ የሚሰጠውን ማስታወቂያ ይዘርዝር። የተፈረመ ቅጂ ለሠራተኛው ይሰጥ።

2. ሠራተኛው ወረቀቱን ለማንበብና ማኅበሩን ለማማከር ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ይሰጠው። እምቢ ማለት እንደ መልቀቂያ እንደማይቆጠር በዋና ሥራ አስፈጻሚው ፊርማ በሰሌዳ ይለጠፍ።

3. የትውስት ሠራተኞች በቅነሳ ስሌት ውስጥ እንደ ድርጅቱ ሠራተኞች ይቆጠሩ። የሚዘጉት መደቦች ሙሉ ዝርዝር ለማኅበሩ ይሰጥና በአንቀጽ 29 መሠረት ምክክር ይጀመር። ዝርዝሩ ሳይደርሰን የሚደረግ ስብሰባ ምክክር ነው ብለን አንፈርምም።

4. የተሞሉ የክሊራንስ ቅጾች ከግል ማኅደር ወጥተው በርክክብ ሰነድ ይተኩ፤ መታወቂያና የሕክምና ደብተር ይመለስ።

5. ለትውስት ሠራተኞች የምዘና ቅጽ በሁለቱ ድርጅቶች ስምምነት ይዘጋጅ። እስኪዘጋጅ ድረስ ከትውስቱ በፊት የነበራቸው የመጨረሻ ሁለት ምዘናዎች አማካይ ይያዝላቸው። የውስጥ ማስታወቂያም በስልክ መልእክትና በደብዳቤ ይድረሳቸው፤ የማመልከቻ ጊዜው ከደረሳቸው ቀን ይቆጠር።

6. በሙከራ ስም የተሰናበተው የግምጃ ቤት ሠራተኛ ወደ መደቡ ይመለስ። የጥገና ባለሙያው የሕክምና ወጪና የጉዳት ጊዜ ክፍያ ይከፈል። የሒሳብ ሠራተኛዋ የአምስት ወር መዋጮ ገቢ ሆኖ ማረጋገጫው ይሰጣት። ነፍሰ ጡሮቹ ከዝርዝሩ ይውጡ።

7. ትውስታቸው አልቆ ቤት የተቀመጡት ሠራተኞች ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ ደመወዛቸው ተከፍሎ ሥራ እንዲጀምሩ፣ ያ ካልሆነ ደግሞ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጣቸው።

መልሱን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስከዚያ ድረስ አባሎቻችን አዲስ የትውስት ወረቀት እንዳይፈርሙ አሳስበናል። ውይይት ከተፈለገ የኅብረት ድርድር ኮሚቴያችን በማንኛውም የሥራ ቀን ዝግጁ ነው፤ ቃለ ጉባኤ እስከተያዘ ድረስ።

ከአክብሮት ጋር

የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ሊቀ መንበር
ዋና ጸሐፊ
የኅብረት ድርድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለኢንዱስትሪ ፌዴሬሽናችን
ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለድርጅቱ የሰው ሀብት አስተዳደር
ለማስታወቂያ ሰሌዳ